እናቴን ከጀጎል ላውጣት ወይስ ልተዋት?

የመነሻው ጽሑፍ

ሰላም ለሐረርም ለድሬም ልጆች። እናቴ የምትኖረው ሐረር፣ በጥንቱ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ብዙ አይርቅም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን። ዕድሜዋ 68 ነው፤ የደም ግፊት አለባት። ወደ ቤቷ የሚያስገባው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ባጃጅ ከጫፉ ላይ ይቆማል። ባለፈው ክረምት ሌሊት ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ የወደቀ ነገር ድምፅ ሰማች፣ ግድግዳውን መታች፣ መልስ ስታጣ ሰው ጠራች። ወንዶቹ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወጧትና ሆስፒታል ገባች። እኔ የሰማሁት ሲነጋ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ካወቀ በኋላ።

ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ እንድትመጣ እለምናታለሁ፤ እሷ ግን እንቢ ብላለች። ምክንያቷ አይጠፋኝም። ከልጅነቷ ጀምራ በእግሯ ሄዳ የምትሳለመው መድኃኔዓለም እዚያው ነው። ዕድሯም እዚያው ነው። ከፊት ለፊቷ ያሉት የሐረሪ እናት ልጆቻቸውን ከእኛ ጋር አንድ ላይ ያሳደጉ ናቸው፤ በረመዳን ሾርባና ሳምቡሳው ከእሳቸው ቤት ይመጣል፣ በፋሲካ ድፎው ከእኛ ቤት ይሄዳል። ያው ሰፈር ግን ሐዘንም አለው። የወንድሜ ትዳር ሲፈርስ እሱ ራሱ ሳይነግራት እማዬ ከሱቅ ደጃፍ ሰምታ ነው የገባችው። ቀጥሎ ሊያጽናኑ የሚመጡ ሴቶች ቤቱን ሞሉት። ከነገሩ ይልቅ እነሱን መቀበልና ለእያንዳንዳቸው እንደ አዲስ ማስረዳት ጎዳት።

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፈር ውድ ነገር ነው፣ ነገር ግን አንዴ የወደቀች ሴት ብቻዋን ማደር የለባትም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ተጭኜ ላምጣት ወይስ ልተዋት? ወላጆቻችሁ ጀጎል ያሉ በተለይ መልሱልኝ።

ምላሾቹ

ይህ የውይይት ክር ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለገባችሁ እንዲቀልላችሁ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥሁም።

1። የጀመረችው ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር አካባቢ ተወልዳ አሁንም እዚያው የምትኖር እህት ናት። እናቴን መረቀች፣ ለእኔም መልካም ቃል አልነፈገችም፤ ከዚያ በትሕትና ተቃወመችኝ። አክስቷን ልጆቿ አዲስ አበባ ወስደዋት ነበር። ጀጎል ሳለች ጊድር መጋላ ገበያ ወርዳ ቲማቲም ገዝታ ለመመለስ ረፋዱን ትፈጅ ነበር፤ በየደጃፉ ሰላምታ፣ በየሰላምታው ወሬ፣ የታመመ ካለም ገባ ብሎ መጠየቅ አለና። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ግን ጠዋት ተነስታ የምታናግረው ስታጣ ዝምታ ለመደች። ልጆቹ ከሐኪም ወደ ሐኪም አዞሯት፣ በሽታ አልተገኘባትም። ሐረር የመለሷት ቀን ከመኪና ሳትወርድ ማውራት እንደጀመረች እህታችን ጽፋለች።

2። በአንድ መስመር ከ1 ጋር ተስማምቶ አሜን ብሎ ወጣ።

3። ድሬ የሚኖር ወጣት ነው። 1 የተናገረችው ሁሉ እውነት መሆኑን ተቀብሎ፣ ወሬና ሰላምታ የደም ግፊትን እንደማያወርድ አሳሰበ። የራሱ አባት በአንጎል ደም መርጋት ግማሽ ጎናቸው የቀረው ሆስፒታል ዘግይተው ስለደረሱ ነው። በዚያ በሽታ ወሳኙ ሰዓት ነው፤ ቶሎ የደረሰ የሚያገኘውን ሕክምና የዘገየ አያገኘውም። ስለዚህ ምን ያህል ትወደዋለች የሚለውን ትቼ፣ ከአልጋዋ እስከ ሐኪም ስንት ደቂቃ ነው የሚለውን እንድለካ መከረኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ አነጋገሩም የተቆጠበ ነበር።

4። ይህን ምላሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሌላ መንደር የሚኖር፣ ሌሊት ሌሊት በሽተኛ ከጀጎል ያወጣ ሰው ነው። ለ3 መልስ ብሎ ነው የጀመረው፤ ደቂቃው የሚለካው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በተሸካሚው ችሎታ እንደሆነ አስረዳ። አራት ሰው የሚይዘው የቀብር ቃሬዛ መታጠፊያው ላይ አይዞርም፤ ስለዚህ በሽተኛው በብርድ ልብስ ወይም በጠባብ አግዳሚ ነው የሚወጣው። ሁለት ሰው ይይዛል፣ የፊተኛው ወደ ኋላ ይራመዳል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ከትከሻ በላይ ያነሱታል፤ የድንጋዩ ግንብ ከታች ሆዱን ነፍቶ ስለሚወጣ ስፋት የሚገኘው ከላይ ነው። አንድ ልጅ መብራት ይዞ ከፊት ይሮጣል፣ በየደጃፉ የተደረደረውን ጀሪካን ያነሳል፣ ደረጃ ያለበትን ይጮኻል። ከኋላ ሴቶቹ ነጠላና የሆስፒታል ካርድ ይዘው ይከተላሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል፤ ማን እንደቀሰቀሰው አይጠየቅም።

ሰውዬው ይህን የጻፈው ግን ለመኩራራት አልነበረም። ፍርሃቱን በመጨረሻ አመጣው። ድሮ የሚሸከሙት ጎረምሶች ነበሩ። አሁን ጎረምሳው አዲስ አበባ ነው፣ ድሬ ነው፣ ዐረብ አገር ነው። በእሱ መንደር ሰው ሲወድቅ የሚጠሩት እሱና እኩዮቹ ናቸው፤ ሁሉም ከ50 ዓመት በላይ። እናቴ ጎረቤት አላት ወይ ብዬ ከምጠይቅ የጎረቤቶቿ ወንዶች ዕድሜ ስንት ነው ብዬ እንድጠይቅ ነገረኝ። ከዚህ በፊት እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

5። በትክክል የትኛው መንደር እንደሆነ የጠየቀ ሰው ነው። አልመለስሁለትም። ጀጎል ውስጥ መንደሩንና በሽታውን ከተናገራችሁ ስም መጥራት አያስፈልግም።

6። ከጀጎል ወጥታ ድሬ የገባች ሴት ናት፤ ምላሿ ከሁሉም ይረዝማል። አግብታ ዓመታት አለፉ፣ ልጅ አልመጣም። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ከሱቅ ስትመለስ፣ የሚጠይቃት ሰው አላጣችም። አንዷ ሆዷን ዳስሳ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ መድኃኒት ታመጣለች፣ ሦስተኛዋ የምትጸልይላት መሆኑን በሰው ፊት ትነግራታለች። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሚያሳምመውም ይኸው ነበር፣ የሚቆጡት ክፉ ሰው አለመኖሩ። በመጨረሻ ባሏ ሥራ ቀይሮ ድሬ ገቡ፤ አዲስ ከተማ ተከራዩ። በዚያ ግቢ ማንም ምንም አልጠየቃትም። መጀመሪያ እንደ ዕረፍት ቆጠረችው።

ከዚያ ወባ ያዛት። ባሏ ለሥራ ጅቡቲ ነበር። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣት በር ዘግታ ተኛች፤ በሯ ለምን እንደተዘጋ የጠየቀ ሰው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱም የመብራት ሒሳብ ሊሰበስብ። ጀጎል ቢሆን ኖሮ ጠዋት ደጃፏን ባለመጥረጓ ብቻ እስከ ረፋድ ሦስት ሰው ይገባ እንደነበር ጻፈች። በኋላ እናቷ ሞቱ። ለለቅሶ ስትመለስ፣ እነዚያው ሆዷን የዳሰሱ ሴቶች ናቸው እንጀራውን የጋገሩ፣ ሳህኑን ያጠቡ፣ እሷን በተራ ያሳደሩ። አንዷን እንኳ ይቅር እንዳላለች፣ የአንዷንም ውለታ እንዳልረሳች ተናግራ፣ ሁለቱም ከአንድ እጅ ስለመጡ ለይታ ማስቀመጥ እንዳቃታት ጽፋ አቆመች። ስለ እናቴ ምንም ምክር አልሰጠችም። እኔ ግን ከማንም በላይ የመከረችኝ እሷ ትመስለኛለች።

7። አንድ ወንድም ለ6 ሲመልስ፣ ጥያቄው ከፍቅር የመጣ መሆኑን አይታ ሆደ ሰፊ ብትሆን ይሻላት እንደነበር ጻፈ። ድሬ ግን ሰው ለሰው ባዕድ የሆነበት ከተማ ነው ብሎ ደመደመ።

8። የንግግሩ ቃና የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት ለ7 በጣም መረር ብላ መለሰችለት። ሆዱን በሰው ፊት ተዳስሶ የማያውቅ ሰው ስለ ሆደ ሰፊነት ባያስተምር እንደሚሻል ነገረችው። ልክ ናት።

9። አንድ የድሬ ልጅም የ7ን መደምደሚያ አላለፈም። ያደገው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል በሌሊት የወረደውን ጎርፍ አስታወሰን፤ ከ200 በላይ ሰው ያለቀበትን። ውኃው ቤታቸው ሲገባ ጨለማ ነበር። አባቱ እሱንና እህቱን ጣሪያ ላይ ሰቀለ፤ ከዚያ የጎረቤት ልጆችን እየተቀበለ አወጣ፤ ዘር ሃይማኖት የጠየቀ እንዳልነበረ፣ ያን ሌሊት ስሙን የማያውቀው ሰው ወገቡን በገመድ አስሮ ወንዙ ውስጥ ሲገባ እንዳየ ጻፈ። ከጎርፉ በኋላ ቤት ያጡት ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ሰፈሩ ተበተነ። ዕድሩ ግን አልተበተነም፤ ከአዲሱ ሰፈር በባጃጅ እየመጡ ዛሬም እዚያው ይቀብራሉ፣ እዚያው ያስተዛዝናሉ። ድሬ ሰው ለሰው ባዕድ ነው የሚል ሰው ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ደጃፉን ውኃ ረጭቶ ምንጣፍ አንጥፎ የሚቀመጠውን ሕዝብ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ስምንት ቤት ያለበት ደረጃ ላይ ነው፤ ምንጣፉን አላየሁትም፤ ግን አምነዋለሁ። 7 መልስ አልሰጠም።

10 እና 11። አንዱ እናቴ አፎቻ ውስጥ ብትገባ ብቸኝነቱ እንደሚቀልላት ሐሳብ አቀረበ። ቀጥሎ የመጣችው ሐረሪ እህት በደግነት አረመችው። አፎቻ የሐረሪዎች የራሳቸው ማኅበር ነው፤ የሴቱና የወንዱ ለየብቻ ሆኖ ሰርጉንም ሞቱንም የሚሸከመው እሱ ነው፤ አባልነቱም ግዴታ አለበት፣ መቅረት ያስወቅሳል። የእናቴ ቢጤ ዕድር አላት፤ ይህ ማለት ግን መሐላቸው ግንብ አለ ማለት እንዳልሆነ አስረዳች። የእሷ እናት የክርስቲያን ጎረቤት ሰርግ ላይ ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል፤ በሬው ወይም በጉ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ድስቱም ምድጃውም ይለያል፣ ከበሮው ግን አንድ ነው። ለቅሶም ሲሆን የአፎቻ ሴቶች በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ። የሚያሳዝናት ነገር ወጣቶቹ ሚስቶች ሥራ ስለሚውሉ የአፎቻን ግዴታ በገንዘብ መክፈል መጀመራቸው ነው። ገንዘቡ ገባ፣ ሰውየዋ ቀረች አለች።

12። ኤረር በር አካባቢ ነኝ ያለ ሰው ነው። ሰላም ሳይል ገባ። ይህ ሁሉ እንባ ለቤቱ ነው ብሎ ጻፈ። በእሱ አገላለጽ፣ ውጭ ያሉ ልጆች እናት አባታቸውን በፍቅር ስም ያወጣሉ፣ ከዚያ ቤቱን ለቱሪስት ማረፊያ ያደርጉታል ወይም ይሸጡታል፤ ጀጎል ውስጥ የተቆለፉ በሮች ብዛት የዚህ ውጤት ነው። እንዳፍር ነገረኝ።

13። ይህኛው የእኔ ነው። ቤቱ በእማዬ ስም ነው፤ ስለ መሸጥ እኔም ወንድሜም ቃል አውጥተን አናውቅም። ይህን ጻፍሁ፣ ደግሞም የማያውቀውን ሰው ልብ የሚያነብ ሰው ራሱን እንዲመረምር ጨመርሁ። በንዴት ነው የጻፍሁት፤ የተባልሁት ነገር ቀላል አይደለም።

14። ጭቅጭቁን ያበረደው የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የጀጎል ቤቶችን የሚጠግን። ማንም ወገን ሳይይዝ ስለ ቤቱ ተናገረ። የጀጎል ቤት ከድንጋይና ከጭቃ ስለሆነ የሚኖረው ሰው ሲኖርበት ነው። ሰው ያለበት ቤት ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ይታያል፣ ፍሳሹ ይጠረጋል፣ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፤ በተቆለፈው ቤት ግን አንዲት ትንሽ ስንጥቅ ሁለት ክረምት ታልፍና ግድግዳውን ይዛ ትወርዳለች። ግድግዳው የጎረቤትም ስለሆነ ጉዳቱ ያንዱ ብቻ አይሆንም። በብሎኬት ልጠግን ቢሉ አይፈቀድም፤ ከተማው በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በድሮው መንገድ ነው መጠገን ያለበት፣ ያም ውድ ነው፣ ባለሙያውም እያነሰ ነው። ስለዚህ እናቴ ብትወጣም ቤቱ ሰው እንዳያጣ አደራ አለ።

15። አንዲት መምህርት የ9ንና የ14ን ነገር አገናኘችው፤ ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያው ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ነው። በወሩ መጀመሪያ ሐረር ደስ ሲላት በወሩ መጨረሻ ድሬ አለቀሰች፤ የሐረር ሰው ከደስታው ሳይወጣ ለቅሶ ለመድረስ የደንገጎን ቁልቁለት እንደወረደ አስታወሰች። ያኔ ልጅ ነበርሁ። እማዬ ጥቁር ለብሳ መኪና ስትሳፈር ትዝ ይለኛል።

ከ16 እስከ 19። እዚህ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ግንቡን ራስ መኮንን እንዳሠሩት ጻፈ፤ ሁለት ሰዎች ተቀባብለው አረሙት፤ ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ናቸው፣ ራስ መኮንን ሐረርን ያስተዳደሩት ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ነው። ከዚያ በሮቹ አምስት ናቸው ስድስት ናቸው ክርክር ተነሣ፤ የጥንቶቹ አምስት መሆናቸውና መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ መሆኑ ተነግሮ ተዘጋ። ቀጥሎ ጅብ መጣ፤ ሐረር ከተነሳ ጅብ አይቀርም። አንዱ በዐሹራ ቀን ለጅብ የሚቀርበውን ገንፎ፣ ቅቤው እንዴት እንደሚፈስበት፣ ጅቡ ከበላ ዓመቱ ደህና ነው እንደሚባል አወራ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር፤ የእናቴን ጉዳይ ግን አልረዳም።

20። ነርስ ናት፤ ወደ ጉዳዩ የመለሰችን እሷ ናት። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬ ወደ 1,200፤ ልዩነቱ በሰውነት ላይ ይታያል። ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት የሚያበዙ ናቸው። እነዚያን የሚወስድ ሰው በድሬ የግንቦት ሙቀት ላብ ሲጨምርበት ውኃና ጨው ያጣል፣ ብድግ ሲል ይዞርበታል፣ ይወድቃል። ስለዚህ ከመምጣቷ በፊት ሐኪሟ መድኃኒቱን እንዲያይላት፣ እስከዚያ ግን በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ አጥብቃ አሳሰበች። ከዚያ ማናችንም ያልጠየቅነውን ጠየቀች፤ ያን ሌሊት ከመውደቋ በፊት መድኃኒቷን ወስዳ ነበር ወይ? ለእማዬ ደወልሁ። አልቆባት ነበር። አምስት ቀን ሆኖት ነበር፤ ሰው ላላስቸግር ብላ ዝም ብላለች። ሁሉ የሚታወቅበት መንደር ውስጥ ይህ አልታወቀም።

21። ከ6 ቀጥሎ ልቤን የነካው ይህ ነው። ጸሐፊው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር የሚሠራ ሰው ሲሆን የተወለደው ዝዋይ ሐይቅ መሐል፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ነው፤ የሐይቁ ደሴቶች ሕዝብ የሆነው የዛይ ሰው ነው። የጀጎልን ወሬ ሲያነብ የራሱን አገር ያነበበ እንደመሰለው ተናገረ፤ ልዩነቱ የእኛ ዙሪያ ግንብ ነው፣ የእነሱ ውኃ። ደሴቱ ላይ የሚደበቅ የለም። ማን ዓሣ እንዳገኘ ጀልባው ሳይደርስ ከአቀዛፉ ይታወቃል፤ ብዙ ያገኘ ላላገኘው ቆሮሶ ዓሣውን ያካፍላል፣ ነገ ተራው የእሱ ነውና። በተራራው ላይ ያለችው ጽዮን ማርያም ስትነግሥ ዳርቻ የሰፈረው ሁሉ ተሻግሮ ይመጣል፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ያረፈችው እዚያ ነው ብለው ያምናሉ። ያን ቀን ደሴቷ ትሞላለች።

ሐዘኑ ሐይቁ ሲናወጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ቄጠማ ጀልባ አይሻገርም። ምጥ የያዛትን ሴት ዳር ላይ ተቀምጠው ነፋሱ እስኪወድቅ የጠበቁበትን ሌሊት ጻፈ፤ ሴቶቹ ከበዋት፣ ወንዶቹ ውኃውን እያዩ። ደርሳለች፣ ልጁም ሴትየዋም ተርፈዋል፤ እንዲህ የሆነው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ደሴቱ በእርከን ቢታረስም መሬቱ ለሰው ስላልበቃ አብዛኛው ዛይ ዳርቻ ላይ ነው የሚኖረው። የእሱን እናት ወንድሞቹ ዝዋይ ከተማ አምጥተዋቸዋል። ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ መብራት አለ፣ የልጅ ልጅ አለ። እናቱ ግን በጠዋት ተነስተው ሐይቁ ዳር ይሄዳሉ፤ ከደሴቱ የመጣ ሰው ይጠብቃሉ፣ ማን ታመመ ማን ወለደ ይጠይቃሉ፣ ያንን ሳይሰሙ ቁርስ አይቀምሱም። ወንድሞቹ መጀመሪያ ተከፍተው ነበር፤ አሁን ተራ ገብተው አብረዋቸው ይሄዳሉ። የእሱ ምክር፣ እናቴ ብትመጣ ከጀጎል ወሬ የምታገኝበትን መንገድ አስቀድሜ እንዳዘጋጅ ነው። ይህን የሚያህል ምክር ከማላውቀው ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብሁም።

22 እና 23። አንድ የቋንቋ ተማሪ ተደስቶ የዛይ፣ የስልጤና የሐረሪ ቋንቋዎች የአንድ ቤተሰብ ቅርብ ዘመዶች መሆናቸውን በምሳሌ ሊያብራራ ጀመረ። 23 ቆጣ ብሎ፣ እዚህ የታመመች እናት ጉዳይ ነው የተያዘው፣ ሌላ ክር ክፈት አለው። ተማሪው ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። እኔ አልተከፋሁበትም።

24 እና 25። 24 ስለ ውኃ ነው፤ ኃይለ ቃል ነበረበት። ስለ ጀጎል ፍቅር ስታወሩ ቧንቧውን ረስታችኋል ባይ ነው። ሐረርን ያጠጣ የነበረው ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውኃው የሚመጣው ከድሬ አካባቢ ተገፍቶ ነው፣ ያም በፈረቃ፤ ለ68 ዓመት ሴት ጀሪካን ማን ይሸከምላታል? 25 የመለሰችለት ከእማዬ መንደር ናት፤ ማንነቴን እንዳወቀች ገባኝ፣ ግን አልገለጠችኝም። እዚያ መተላለፊያ ውኃ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚሞላው የእናቴ በርሜል እንደሆነ፣ ልጆቹ ይህን የሚያደርጉት ማንም ሳያዛቸው እንደሆነ ጻፈች። መድኃኒቷ ማለቁን አለማወቃቸው ግን እንደ ውርደት እንደቆጠሩት፣ ከዛሬ ጀምሮ ክኒኑን የምትቆጥር ልጅ መመደቡን ነገረችን። ይህን ሳነብ አለቀስሁ።

26። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሐረር ወጥቼ ከእማዬ ጋር ተነጋገርሁ፤ የደረስንበትን በዚህ ቁጥር አሳወቅሁ። ሙሉ ለሙሉ አትወጣም። ብርዱ ሐረር ሲጠና፣ ድሬ ደግሞ ደስ በሚልበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት እኔ ጋ ትሆናለች፤ ሙቀቱ ሳይመጣ ትመለሳለች። ሐኪሟ ተስማምቷል። ቁልፉን ከፊት ለፊት ያሉት የሐረሪ እናት ይይዛሉ፤ በየሳምንቱ ቤቱን ከፍተው ያናፍሱታል፣ ጣሪያውን ደግሞ 14 ሊያይልኝ ቃል ገብቷል። የግፊት መለኪያ ገዝተናል፤ የጎረቤት ልጅ እየለካች ቁጥሩን በስልክ ትልክልኛለች።

እማዬ አንድ ውል አስገብታብኛለች። ድሬ ሳለች መንደሯ ውስጥ ሰው ከሞተ በዚያው ቀን እንዲነገራት፣ እኔም በዚያው ቀን እንዳደርሳት። እንዳትደነግጥ ብሎ መደበቅ የለም። 55 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሚኒባሱ ከንጋት ጀምሮ አለ። እሺ ብያለሁ።

27። 3 ጻፈ፤ የበጋው ችግር ቢፈታም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ያሉት ሌሊቶች እንዳሉ መሆናቸውን አስታወሰኝ። እውነቱን ነው።

28። 12 ተመለሰ። ስላለኝ ነገር ምንም አላለም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ፒክአፕ እንዳለው፣ ሌሊት ኤረር በር ውስጥ እንደሚያሳድረው፣ በማንኛውም ሰዓት ቢደወልለት የእናቴ መተላለፊያ ጫፍ ድረስ እንደሚመጣ ጻፈ። ስልኩን በውስጥ መስመር ላከልኝ። መዝግቤዋለሁ፤ ለጎረቤቶቿም ሰጥቻለሁ።

29 እና 30። 4 ለ28 አመስግኖ፣ መኪናው ቢኖርም እስከ መኪናው የሚያደርሰው ነገር አሁንም ብርድ ልብስ መሆኑን አነሣ። የመንደሩ ዕድር ሰብሳቢ ጠባብና ቀላል፣ ሁለት ሰው የሚይዘው፣ በሽተኛው በማሰሪያ የሚታሰርበት ቃሬዛ ለመግዛት ከዕድሩ ገንዘብ ለመመደብ ተስማምተዋል፤ የአፎቻው ሴቶች ደግሞ እኩሌታውን እንደሚጨምሩ 11 ነገረችን። ወርዱ ከትከሻ ስፋት መብለጥ የለበትም፤ 4 መታጠፊያዎቹን በሜትር ለክቶ ልኮልኛል። ድሬ ታይዋን ገበያ ጠይቄ አላገኘሁም። የሕክምና ዕቃ የሚያስመጣ ወይም ብረት የሚበይድ፣ እንዲህ ያለውን የሚሠራ ሰው የምታውቁ በ31 ላይ ጻፉልኝ፤ ኅዳር ሳይገባ መንደሩ ውስጥ ቢቀመጥ እንወዳለን።